«ነፃ ጠመንጃ» ምንድን ነው?
ስለ ኢላማ ተኩስ ደንብ ቃላት አተረጓጎም

አማርኛ የጠመንጃ ስም አጥቶ አያውቅም። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽርና ለበን የውጭ አገር ሰዎች ስሞች ለአንደበታችን ተስማምተው የገቡ ናቸው። አፈሙዝ፣ ሰደፍ፣ ምላጭና ቀለህም የምንሠራባቸው ቃላት ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ መሣሪያውን በሠሪው ወይም በአካሉ ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ግን የውድድር ጠመንጃን የሚመድበው በተፈቀደለት ልክ ነው፤ ይኸውም በአፈሙዙ ስፋት፣ በክብደቱና በምላጩ አሠራር ነው። ተርጓሚው የሚሳሳተው ይህን ልዩነት ዘንግቶ የልክን ስም እንደ ዕቃ ስም አድርጎ ሲተረጉም ነው።

ስሞልቦር የሚባለውን እንመልከት። ወደ ብዕር ቀድሞ የሚመጣው አቻ «ትንሽ ጠመንጃ» ነው። ትንሽ የሆነው ግን ጥይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንጂ ጠመንጃው አይደለም። ስፋቱ 5.6 ሚሊሜትር የሆነው የ50 ሜትር ውድድር ጠመንጃ እስከ 8 ኪሎ ግራም እንዲመዝን ይፈቀዳል፤ ይህም ወታደር ከሚሸከመው ክላሽንኮቭ እጅግ ይከብዳል። «ጠባብ አፈሙዝ» ብንለው ይሻላል፤ ነገር ግን በ10 ሜትር ውድድር የሚያገለግለው የአየር ጠመንጃ 4.5 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ በዚህ ስም አይጠራም። ስለዚህ «ባለ 5.6 ሚሊሜትር የባሩድ ጠመንጃ» ማለትን እንመርጣለን። ይረዝማል፤ ቢሆንም አያሳስትም።

የቀድሞው የደንብ ቋንቋ ፍሪ ራይፍል ይለው የነበረው ደግሞ የባሰ ነው። «ነፃ ጠመንጃ» ቢባል አማርኛው ሁለት ትርጉም ይሰጣል፤ አንዱ አርነት የወጣ፣ ሌላው ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው። ጽሑፉ አሰላ ወይም ጎበሳ ለሚገኝ የስፖርት መምህር ቢደርስና መምህሩ ለተማሪዎቹ በኦሮምኛ ሊያስረዳ ቢፈልግ ችግሩ ይገለጣል። ኦሮምኛ ሁለቱን ሐሳቦች በሁለት ቃላት ለይቶ ይይዛል፤ አርነት የወጣው ቢሊሳ፣ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ቶላ ነው። መምህሩ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ሁለቱም ግን ስሕተት ናቸው። ዋናው ቃል የሚናገረው ስለ አሠራሩ የተጣለው ገደብ ጥቂት መሆኑን ብቻ ነውና። እኛ «ገደበ ልል» እንላለን። ተቃራኒውን ስታንዳርድ ራይፍል «ደንበኛ» ማለት ዛሬ ሸማችን ያስታውሳል፤ «መደበኛ» ማለትም የመደበኛ ጦር መሣሪያ ያስመስለዋል። «ልከ ውስን» ቢባል ከመጀመሪያው ጋር ጥንድ ይሆናል።

በ300 ሜትር ልከ ውስን ጠመንጃ ረገድ ደንቡ ምላጩ ቢያንስ 1500 ግራም እንዲሆን ያዛል። ይህን «የምላጭ ክብደት» ብሎ የተረጎመ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ምላጭ ፈጠረ ማለት ነው፤ ምላጭ የጢም መላጫም መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስቃል። የተፈለገው «ምላጭ ለመሳብ የሚያስፈልግ ኃይል» ነው። «ስበት» ብሎ ማሳጠርም አያዋጣም፤ ቃሉን የፊዚክስ ትምህርት አስቀድሞ ለሌላ ነገር ይዞታል።

እስካሁን ያነሣነው ስሕተት ቢበዛ ተወዳዳሪን ከውድድር ያስወጣል። የሚከተለው ግን ሕይወትን ይነካል። በደንቡ መሠረት ጥይት ወይም ጥይት የያዘ ካዝና ጠመንጃውን ገና ሲነካ ጠመንጃው ጥይት እንዳለበት ይቆጠራል። ይህን «የተቀባበለ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ቃል መጠቀም ይመስላል። ሆኖም ማቀባበል ጥይቱን ወደ በርሜሉ አስገብቶ ለተኩስ ማሰናዳት ነው። ተኳሹ ካዝናውን ሰክቶ «ገና አላቀባበልሁም» ቢል በአማርኛው እውነቱን ነው፤ በደንቡ ግን ጥይት ያለበት ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ትክክለኛው ቃል ከጓዳችን አለ፤ «አጎረሰ» ነው። ስለዚህ «የጎረሰ ጠመንጃ» ይባል፤ ትእዛዙም «አጉርስ» ይሁን።

የአርሲ ደጋ ስሙ የገነነው በሩጫ ነው። «መሰናክል» እና «ዱላ ቅብብል» የተባሉት ቃላት በሜዳ ተፈትነው ጸኑ፤ ቢሳሳቱ ኖሮ ሯጩና አሠልጣኙ ባረሟቸው ነበር። የተኩስ ደንብ ቃል ግን ለብዙው አንባቢ የሚደርሰው በወረቀት ብቻ ስለሆነ የሚያርመው ሜዳ የለውም። ስለዚህም ኃላፊነቱ በተርጓሚውና በቃል መራጩ ላይ ይወድቃል። ከላይ ያቀረብናቸውን ስያሜዎች አንባብያን፣ በተለይም በሁለቱ ቋንቋዎች የሚያስተምሩ፣ እንዲመረምሩና የተሻለ ካላቸው እንዲጠቁሙን እንጠይቃለን።