ሐይቁን አይቶ ከተማውን ማለፍ፤ ስለ ክረምት የጉዞ ድርሰቶቻችን

የክረምቱ ወራት አልፎ ትምህርት ቤቶች በተከፈቱ ቁጥር በየመጽሔቱ ላይ ብቅ የሚል አንድ ዓይነት ድርሰት አለ። ይኸውም መምህራንና ተማሪዎች፥ አልፎ አልፎም በዕረፍት ላይ የነበሩ የመንግሥት ሠራተኞች፥ በሐምሌና በነሐሴ ያደረጉትን ጉዞ የሚተርኩበት ነው። ከእነዚህም መካከል ቁጥራቸው የማይናቅ ስለ አንድ መንገድ የተጻፉ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን አድርጎ፥ ጣርማ በርን ተሻግሮ፥ ወደ ደብረ ሲና ወርዶ፥ በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ፥ ከዚያም ወደ ሐይቅ ስለሚወስደው መንገድ። እነዚህን ድርሰቶች ለብዙ ዓመታት ስናነብ ከቆየን በኋላ፥ በቅን ልቡና አንዳንድ ነገር ልንናገርባቸው ወደድን። ጸሐፊዎቹን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንደምንገልጸው ጥፋቱ የእኛም ጥፋት ነበርና።

የድርሰቶቹ አካሄድ እጅግ ከመመሳሰሉ የተነሣ፥ አንዱን ያነበበ ሰው የሌላውን ሳያነብ ሊናገር ይችላል። መኪናው ገና ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ይወሳል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ይሸፍናል፤ በጣልያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ ይደነቃል፤ ከዋሻው ሲወጡም ገደሉ ያስፈራል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ለሚያህል መንገድ ምንም ነገር የለም፤ ተጓዡ ተኝቷል ማለት ነው። በመጨረሻም ሐይቅ ይደረሳል፤ ውሃው «እንደ መስተዋት» ሆኖ ይገኛል፤ ዓሣ ይበላል፤ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ድርሰቱም በዚሁ ያበቃል።

እስቲ ስለዚህ መስተዋት ጥቂት እንነጋገር። ሐይቅ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ያለው ውሃ ነው። ከበላዩ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሣው የአንከርካ ወንዝ ወደ እርሱ ይገባል እንጂ፥ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። እንግዲህ በነሐሴ ወር፥ ዝናቡ የየተራራውን አፈር አጥቦ በሚያወርድበት ጊዜ፥ ጎርፉ በሚገባበት ዳርቻ ላይ ቆሞ መስተዋት አየሁ የሚል ሰው፥ ያየውን ሳይሆን ያነበበውን ጽፏል ብንል አልተሳሳትንም። መስተዋቱ የመጣው ከፈረንጅ መጽሐፍ ነው። በአውሮፓ የትምህርት ቤት ዕረፍት የፀሐይ ወራት ስለ ሆነ፥ ተጓዡ በስዊስና በኢጣልያ ሐይቆች ዳር ካሉት ትናንሽ ከተሞች ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘዋወር ሰማያዊ ውሃ ያያል፤ ይጽፋልም። የእኛ ዕረፍት ግን በጉምና በጭቃ ወራት ይውላል። ለጉምና ለጭቃ ደግሞ አማርኛችን ቃል አላጣም፤ ያጣው የሚጠቀምበት ጸሐፊ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ባነበብነው አንድ ድርሰት ውስጥ የከተማው ቤቶች በውሃው ላይ ጥላቸውን ጥለው ይታያሉ። የሐይቅ ከተማ ግን ከውሃው ዳር ራቅ ብሎ በአውራ ጎዳናው ላይ የተቆረቆረ ነው። ቤቶቹ በውሃው ላይ ይታዩ ዘንድ ወይ ከተማው መሄድ ወይ ሐይቁ መምጣት ነበረበት።

የጉዞ ጽሑፍ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ያደረጉትን ጉዞ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው በ1924 ዓ.ም. ለአንባቢ አቅርበዋል። በመርከብ ሩቅ አገር ሄዶ ያዩትን ለወገን መንገር የዘመኑ ታላቅ ተግባር ነበር፤ ፍሬም ሰጥቷል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣነው ጸሐፊዎች፥ ሩቁን አገር በአድናቆት ማየትን ስንማር፥ ቅርቡን አገር በጥንቃቄ ማየትን ሳንማር ቀረን። ስለዚህ ስለ ጃፓን መጽሐፍ ያለው አንባቢ፥ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ላይ ስለምትገኘው ደብረ ሲና ከጉዞ ድርሰቶቻችን የሚያገኘው ቆሎዋን ብቻ ሆነ።

ከላይ እንዳመለከትነው እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ከብዙ ዓመታት በፊት በጻፍነው የጉዞ ድርሰት ውስጥ ለደብረ ሲና የሰጠናት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ እርሱም ቆሎ ገዝተን ማለፋችንን የሚናገር ነው። ከጥቂት ክረምቶች በኋላ በዚያው መንገድ ስንመለስ፥ ዳገቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ስለ ተዘጋ፥ ጉሙም ስለ ከበደ፥ ሳንወድ እዚያው አደርን። ማታ እሳት ስንሞቅ፥ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ከአጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ለረጅም ዘመን ለመንገደኛ እንደ ሸጡ፥ ነገር ግን የገዢዎቻቸውን ፊት እንደማያውቁ፥ የሚያውቁት በመስኮት የሚወጣውን እጅ ብቻ እንደ ሆነ አጫወቱን። ቅሬታ አልነበረባቸውም፤ እየሳቁ ነው የነገሩን። እኛ ግን ያን ሌሊት ድርሰታችን ትዝ እያለን ስናፍር አደርን፤ በመስኮት ከወጣው እጅ በቀር በድርሰቱ ውስጥ ምንም አልነበረምና።

ከተማይቱ ግን ደራሲ ያጣች አይደለችም። ዳኛቸው ወርቁ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ በደብረ ሲና ነው። በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያሳትሙም ታሪኩን የተከሉት በዚያው በትውልድ አገራቸው፥ በደብረ ሲናና ከእርስዋ ዝቅ ብላ በምትገኘው በአርማንያ ነው። መጽሐፉን ከጉዞ ድርሰቶቻችን ጎን አስቀምጠን ብናነበው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። መንገደኛው አንድ ከተማ ባየበት ቦታ፥ ዳኛቸው እርስ በርሱ የማይስማማ ብዙ ሰው አይተዋል። እነ ወይዘሮ አሰጋሽ ስለ ርስታቸውና ስለ ክብራቸው ይናገራሉ፤ የተማረው ወጣት አደፍርስ ስለ አዲሱ ዘመን ይከራከራል፤ ካህኑም፥ አገልጋዩም በየራሱ አነጋገር ይመልሳል። ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ የምትባለው ለካ ጸጥ ብላ አታውቅም፤ ጸጥ ያለችው መኪና ውስጥ ላለው ሰው ነው። ስሙ ራሱ ማደፍረስን የሚጠራው ይህ መጽሐፍ ለመስተዋት ወዳዶች ጥሩ መድኃኒት ይመስለናል።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም አንልም። ክርክሩ ይረዝማል፤ የቃላቱ ክምችት አንባቢን ያደክማል፤ ብዙ ሰው ጀምሮ እንደ ተወው እናውቃለን፤ እኛም በመጀመሪያው ንባባችን ሁለት ጊዜ አቋርጠነዋል። ሆኖም ስለ አገር በሚጻፍ ጽሑፍ ከማነስ ይልቅ መብዛት የሚሻል ጥፋት ነው። የጉዞ ድርሰቶቻችን የጣርማ በርን ቁልቁለት «አረንጓዴ ምንጣፍ» ብለው ያልፉታል። በ1998 ዓ.ም. መባቻ ክረምቱ ሲወጣ፥ ያ አረንጓዴ ምንጣፍ በደብረ ሲና ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች ተንሸራትቶ የብዙ ገበሬ ቤትና እርሻ ይዞ ወርዷል። በምንጣፉ ላይ የሚኖረው ሰው በክረምት ሌሊት ዝናቡን የሚያዳምጠው እንደ ተጓዡ አይደለም።

ሐይቅ ራሱስ በዳኛቸው እጅ ሲገባ ምን ይሆናል ብሎ ለሚጠይቅ፥ መልሱ በ1965 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለንደን ባሳተሙት «ዐሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ውስጥ ይገኛል። በዚያ ታሪክ የታመሙ ፊታውራሪ ከልጆቻቸው ጋር ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ ይወጣሉ። በዝቋላ ራስ ላይ ሐይቅ መኖሩን የማያውቅ የለም። ነገር ግን እነዚያ ተጓዦች የሚወጡት ሕመማቸውንና የቤታቸውን ጠብ ተሸክመው ነውና ውሃውን የሚያዩት ለመዝናናት አይደለም። ጉዞው ከባድ የሚሆነው ከመንገዱ ይልቅ አብሮ በሚጓዘው ሰው ምክንያት ነው።

ወደ ሰሜኑ መንገድ መጨረሻ እንመለስ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ የገነነ የትምህርት ቤት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ይህን ሁሉም ተጓዥ ይጽፈዋል፤ ደግም ያደርጋል። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬስ ገዳሙን በደሴት ላይ አግኝቶታል፤ ዛሬ ግን ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ይህን የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው። በማዕድ የሚቀርበው ቆሮሶ ዓሣ ከጥንት የነበረ ሳይሆን በ1970ዎቹ መባቻ በሰው እጅ የተጨመረ መሆኑን የጻፈ ግን እስካሁን አላጋጠመንም። አካባቢው ደግሞ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የራሱ አፈ ታሪክ አለው፤ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ስለ ተበደለች እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሩን ውሃ አደረገው፥ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ሥፍራ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላል። በዚያ ደሴት ላይ በተሠራው ገዳም ሴት አትገባም። ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጣ፥ ከበሩ ውጭ ቆማ ያሰበችውን የጻፈች ተጓዥ ብናገኝ በደስታ ባነበብናት ነበር።

ይህ ሁሉ የጽሑፍ ስልት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛም እንደዚያ ይመስለን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ በዚህ መንገድ ሲመጣ ግን፥ ደሴ፥ ኮምቦልቻ፥ ሐይቅ፥ ሸዋ ሮቢት፥ ደብረ ሲና የሚሉት ስሞች በየዜናው ተደረደሩ። በአዲስ አበባ ተቀምጠን ስንሰማ፥ አሥር ጊዜ ካለፍንባቸው ከተሞች የአንዱን መንደር እንኳ በዐይነ ልቡናችን መሳል አቃተን፤ ዋሻው፥ ቆሎውና ውሃው ብቻ መጡልን። ሰዎቹ አልመጡልንም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ በመንገዱ ላይ መጓዝ ሲቋረጥ ሲቀጥል ቆይቷል፤ የክረምቱም ድርሰት እየሳሳ ሄዷል። በጽሑፍ ያላስቀመጥነውን በእግር ሄደን ልናየው ባልቻልንበት ጊዜ፥ ምን ያህል ጥቂት እንደ ጻፍን ተገለጠልን።

ዳኛቸው በ1977 ዓ.ም. ለጀማሪዎች «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለ መጽሐፍ አበርክተዋል፤ መምህራን ለክፍላቸው ቢያውሉት መልካም ነው። አንድ መምህር ወዳጃችን ግን ከመጽሐፍ ያልተቀዳ የሚመስለንን አንድ የተማሪ ድርሰት አሳይተውናል። ተማሪው ከደብረ ሲና ነው፤ የታዘዘውም ስለ ክረምት ጉዞ እንዲጽፍ ነበር። የትም ስላልሄደ በከተማው ስለሚያልፉት መኪኖች ጻፈ። በእኩለ ቀን መብራታቸውን አብርተው ከጉሙ ውስጥ ሲወጡ፥ ፍሬናቸው ሲሸት፥ ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ ሲመታ፥ እርሱም በመንገዱ ዳር ቆሞ በየመስኮቱ የተኙትን ሰዎች ሲቆጥር ይናገራል። በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰው ተኝቶ አንዲት ልጅ ብቻ ነቅታ ነበር፤ እጇን አንሥታ ሰላም አለችው፥ መኪናውም ወደ አርማንያ ቁልቁል ወረደ።