ስለ ዕለታዊ የኮድ ማጣመሪያ ኩባንያዎች፤ በአቦከር ከተደረገ ሙከራ የተነሣ ሒስ

በቡድን ሆነው ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች የጻፉትን ኮድ በየዕለቱ፥ እንዲያውም በቀን ብዙ ጊዜ፥ ከባልንጀሮቻቸው ኮድ ጋር እያጣመሩ እንዲፈትኑ፥ የተፈተነውንም ሳይውል ሳያድር ወደ ተጠቃሚው እንዲያደርሱ የሚያስችል አገልግሎት የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል እ.ኤ.አ. በ2011 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ሰርክልሲአይና በዚያው ዓመት በበርሊን የተጀመረው ትራቪስ ሲአይ ይገኙበታል። በተማሪዎች ዘንድ ስለ እነዚህ አገልግሎቶች የሚሰማው ንግግር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ የዘመናዊ ሥራ ሁሉ መሠረት አድርጎ ያወድሳቸዋል፤ ሌላው የሀብታም አገር ጌጥ ናቸው ብሎ ይተዋቸዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከሁለቱም የተለየ ነው። ኩባንያዎቹ የሚሸጡት ዕቃ ሁለት ነገር በአንድ መጠቅለያ የያዘ ነው፤ አንደኛው ማንም ሰው ያለ ዋጋ ሊይዘው የሚችል የሥራ ልማድ ነው፤ ሁለተኛው የኪራይ ኮምፒዩተር ነው። ልማዱን መያዝ ግዴታችን ነው፤ ኪራዩን ግን መርምረን እንጂ በስሙ ታላቅነት ልንቀበለው አይገባም።

ነገሩን በጥራዝ ነጠቅነት እንዳንናገር የራሳችንን ሥራ እንጥቀስ። አራት ሆነን በሐረር ከተማ፥ በአቦከር፥ ለአንድ አፎቻ የመዋጮ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርተናል። አፎቻ የሐረሪዎች የሰርግና የለቅሶ መረዳጃ ማኅበር ነው፤ ለማያውቀው አንባቢ በሌላው አገር እድር ከሚባለው ጋር ይቀራረባል ብንል ብዙ አንሳሳትም። የሠራነው በአንደኛው ባልንጀራችን ቤት፥ ሐረሪዎች ነደባ በሚሉት መደብ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሥራውን ለአራት ተካፈልነው፤ አንዱ የቀን አቆጣጠሩን፥ አንዱ የመዋጮውን ስሌት፥ አንዱ የአባላቱን መዝገብ፥ አራተኛው ሰው የሚያየውን ገጽ ያዘ። ሦስት ሳምንት ያህል በየላፕቶፓችን ለየብቻ ሠራን፤ የየራሳችንን ክፍል ስንፈትነው ሁሉም ትክክል ነበር።

በተጣመረ ጊዜ ግን ፕሮግራሙ ሦስት ዓመት አባል የነበረን ሰው፥ በወር 50 ብር ሒሳብ፥ 1800 ብር መጠየቅ ሲገባው 1950 ብር ጠየቀ። ይህንንም መጀመሪያ ያየነው እኛ አይደለንም፤ የአፎቻው ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ እሳቸውም ያወቁት በእጃቸው ከጻፉት መዝገብ ጋር አስተያይተው ነው። ምክንያቱን ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። ቀኑን የያዘው ባልንጀራችን ጳጉሜንን 13ኛ ወር ብሎ መቁጠሩ ልክ ነው፤ ስሌቱን የያዘውም ወራቱን በመዋጮው ማባዛቱ ልክ ነው። ነገር ግን በአፎቻው ደንብ ለጳጉሜን መዋጮ የለም። እንግዲህ ስሕተቱ በማናቸውም ሰው ኮድ ውስጥ አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል ነበር እንጂ። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መቶ ጊዜ ብንፈትነው አናገኘውም ነበር። ውዝፍ ያለበት አባል የሚያገኘው እርዳታ ስለሚቀነስበት፥ ስሕተቱ ሳይታይ ቢያልፍ ኖሮ የሚጎዳው በሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር።

ኮዱን በየማታው አጣምረን ብንፈትን ኖሮ ስሕተቱ በተወለደበት ቀን በተያዘ ነበር፤ በዚያ ቀን ደግሞ የተለወጠው ጥቂት መስመር ብቻ ስለሚሆን ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን አይፈጅም። ዕለታዊ ማጣመር የሚባለው ልማድ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ይህን ልማድ ደግሞ ኩባንያዎቹ አልፈጠሩትም። ኬንት ቤክ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ኮድን በየጥቂት ሰዓቱ ማጣመርን ከቡድን ሥራ ዋና ልማዶች አንዱ አድርጎ ጽፎታል፤ ማርቲን ፋውለርም ከማቲው ፎሜል ጋር በ2000 ስለዚሁ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ አወጣ። እኛን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ግን ጄምስ ሾር በ2006 የጻፈው ነው። እንደ እሱ አባባል ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፥ አንዲት የላስቲክ ዶሮና አንድ የጠረጴዛ ደወል ነው። ኮዱን ሊያጣምር የሚሻ ሰው ዶሮዋን ይወስዳል፤ ዶሮዋ በእሱ ዘንድ እስካለች ድረስ ሌላ ሰው አያጣምርም፤ በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ሙከራው ሁሉ ካለፈ ደወሉን ደውሎ ዶሮዋን ይመልሳል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን የልማዱ ቁም ነገር በሙሉ በውስጡ አለ፥ ለማንም ኩባንያ የሚከፈል ነገርም የለበትም። ዶሮ የማይወድ ቡድን ቢኖር፥ ኮሱኬ ካዋጉቺ በሰን ማይክሮሲስተምስ ሠራተኛ ሳለ በ2004 የጀመረው፥ ከ2011 ወዲህ ጄንኪንስ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ በራስ ኮምፒዩተርም ላይ ይሠራል።

ታዲያ ኩባንያው የሚሸጠው ምንድር ነው? አሠራሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ ከኮዱ ጋር አንድ የትእዛዝ ፋይል ያኖራል። ከአባላቱ አንዱ አዲስ ኮድ ወደ ጋራው ማኅደር በላከ ቁጥር ኩባንያው ንጹሕ ኮምፒዩተር ይከፍታል፤ ትእዛዙን እያነበበ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ይገነባል፥ ሙከራዎቹን ያካሂዳል፥ ውጤቱን በአረንጓዴ ወይም በቀይ ምልክት ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ይከፈታል።

የዚህ ንጹሕ ኮምፒዩተር ጥቅም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ከእንዲህ ያሉ አገልግሎቶች አንዱን በነፃ ድርሻው በሞከርንበት ወራት፥ አንድ ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ የላክነው ኮድ በላፕቶፓችን ሲያልፍ በኪራዩ ኮምፒዩተር ወደቀ። መጀመሪያ የእነሱ ጥፋት መስሎን ተቆጣን። ኋላ ስንመረምር ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ በሐረር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ በዚያ ገና ትናንት ነው። ፕሮግራማችን የወሩን መዝጊያ የሚያሰላው ኮምፒዩተሩ ዛሬ ብሎ በነገረው ቀን ነበርና፥ ሰርቨራችን በውጭ አገር ሰዓት ቢሞላ ኖሮ በወሩ መባቻ ሌሊት የሚከፍል ሰው ውዝፍ ሳይኖርበት ይጻፍበት ወይም ሳይከፍል ይታለፍ ነበር። የአራታችን ላፕቶፖች በአንድ አገር ሰዓት የተሞሉ ስለ ሆኑ ይህን ሊያሳዩን አይችሉም። (የሒጅራው ቀን ደግሞ የሚለወጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ለዓሹራ የሚዋጣውን ብንጨምርበት ሦስተኛ አቆጣጠር ይመጣብን ነበር። እሱን ለጊዜው ትተነዋል።) እንግዲህ የኪራዩ ኮምፒዩተር እንደ ሁለተኛ ምስክር ሲታይ ዋጋ አለው ብንል ከልባችን ነው።

ማድረስ ወደሚባለው ክፍል ስንመጣ ግን ፍርዳችን ይለወጣል። ኩባንያው የተፈተነውን ኮድ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ እንዲያደርስ ከተፈለገ የሰርቨሩ የምሥጢር ቁልፍ በእሱ ዘንድ መቀመጥ አለበት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2023 ሰርክልሲአይ ደንበኞቹ በእሱ ዘንድ ያኖሯቸውን ቁልፎች ሁሉ ባስቸኳይ እንዲለውጡ አሳሰበ። በዚያው ወር ባወጣው መግለጫ እንደ ተረዳነው፥ በዲሴምበር 16 ቀን 2022 የአንድ መሐንዲሱ ላፕቶፕ በሰላይ ፕሮግራም ተይዞ ነበር፤ ሰውየው በሁለት ማረጋገጫ ከገባ በኋላ ያለው የመግቢያ ፈቃድ ተሰርቆ፥ ሌባው በእሱ ስም ገብቶ የደንበኞችን ምሥጢር ወሰደ። ኩባንያው ነገሩን ሳይሸሽግ ቀኑን እየጠቀሰ መናገሩ የሚያስመሰግነው ነው፤ ከዚህ ያነሰ ነገር የሚደብቁ ብዙዎች ናቸውና። የእኛ ሒስ በሰውየው ላይ ወይም በኩባንያው ሐቀኝነት ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነው። የብዙ ቤት ቁልፍ በአንድ ስፍራ ሲሰበሰብ ያ ስፍራ የሌባ ሁሉ ዓይን ማረፊያ ይሆናል፤ ቤቱ በአቦከር ሆኖ ቁልፉ በሳን ፍራንሲስኮ ሲቀመጥ ደግሞ መጥፋቱን የምንሰማው ሌላው ዓለም በሚሰማበት ቀን ነው።

በነፃ የሚሰጠውም ድርሻ ቢሆን የሚታመኑበት ርስት አይደለም። ትራቪስ ሲአይ ኮዳቸውን ለሁሉ ክፍት ላደረጉ ሥራዎች ለብዙ ዓመት በነፃ ሲያገለግል ቆይቶ፥ በ2019 አይዴራ ለሚባል ኩባንያ ከተላለፈ በኋላ፥ በኖቬምበር 2020 ያን ነፃነት በተወሰነ መጠን ለወጠው። ከሰጡት ምክንያት አንዱ አገልግሎቱን ለዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ የሚያውሉ ሰዎች መብዛታቸው ነው፤ ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፥ በነፃው ላይ የተደገፈ ቡድን ግን ምክንያቱን ሰምቶ አይጠግብም። ልክፈል ቢልም ክፍያው በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፥ ኩባንያው ዋጋውን አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በእኛ ላይ ዕጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ በቆየበት ጊዜ ደግሞ ዶላር ያለውም የሌለውም ቡድን እኩል ሆኖ ነበር፤ ኮዱን የሚያጣምርለት ኮምፒዩተር በውጭ አገር የሆነ ሰው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።

ስለ አረንጓዴው ምልክትም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን የማያስታውስ ተማሪ የለም። ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ነገሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት እንዳልነበረ፥ በሲስተሙ ላይ ከተደረገ የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ገለጸ፤ ያለ አግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ፤ አብዛኛውም በኋላ ተመልሷል። በየግቢው የተነሣው ክርክር ሁሉ ስለ ተማሪዎች ጠባይ ነበር፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። የሶፍትዌር ተማሪ ግን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነበረበት፤ ይኸውም በሥራ ላይ ወዳለ ሲስተም አዲስ ለውጥ ሲገባ ምን ተፈትኖ ይገባል፥ ቢበላሽስ በስንት ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በየመማሪያ ክፍሉ ሲነሣ አልሰማንም።

በሌላው ዓለምም ምሳሌ አለ። ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ነጋዴ ኩባንያ አዲስ ኮድ ከ8 ሰርቨሮቹ በ7ቱ ላይ በእጅ ጭኖ 8ኛውን ዘነጋው፤ በዚያ ላይ የቀረው አሮጌ ኮድ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረው። ማድረስን ለመሣሪያ ይሰጥ የሚሉ ሰዎች ይህን ሲጠቅሱ ትክክል ናቸው፤ መሣሪያ 8ኛውን አይዘነጋም። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያውቀው የተጠየቀውን ብቻ ነው። የእኛ የጳጉሜን ስሕተት በነበረበት ቀን ሙከራዎቻችን ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ፤ ስለ ጳጉሜን የጠየቀ ሙከራ አልነበረማ። ኩባንያዎቹ በማስታወቂያቸው ፍጥነትንና ልበ ሙሉነትን አንድ ላይ ይሸጣሉ፤ ፍጥነቱን በእርግጥ ይሰጣሉ፥ ልበ ሙሉነቱ ግን የሚገኘው ገንዘብ ያዧን ቁጭ ብሎ በመጠየቅ ነው።

መምህራኖቻችን ይቅርታ ያድርጉልንና፥ ከኩባንያዎቹ ይልቅ የሚያሳስበን የራሳችን የመመረቂያ ሥራ አፈታተን ነው። አራትና አምስት ተማሪ ሥራውን ይከፋፈላል፤ ወራቱ የሚያልቀው በጥራዙ ምዕራፎች ላይ ነው፤ ኮዱ የሚጣመረው በመጨረሻው ሳምንት፥ አንዳንዴም በቀረቤታው ዋዜማ ሌሊት ነው። ፈታኞቹ የሚያዩት ጥራዙንና በዚያ ቀን በስክሪን ላይ የሚታየውን ነው። ነጥቡ ሁሉ በአንድ ቀን ላይ ከተሰቀለ ተማሪው በየዕለቱ የሚያጣምርበት ምክንያት ምንድር ነው? ጊት የሚባለው የኮድ ማኅደር ማን በምን ቀን ምን እንደ ጨመረ ይመዘግባል፤ ፈታኝ ይህን ዝርዝር በ10 ደቂቃ ሊያነበው ይችላል። ተማሪው ዝርዝሩን ለማሳመር ፍሬ የሌለው ኮድ በየቀኑ ይልካል የሚል ተቃውሞ ሰምተናል፤ ሊልክም ይችላል፤ ሆኖም ከእያንዳንዱ ጋር የሚሄድ ሙከራ ቢጠየቅ ማስመሰሉ ከመሥራቱ ይልቅ ይከብደዋል። ለዚህ ሁሉ የማንም ኩባንያ ደንበኛ መሆን አያስፈልግም።

እኛ አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። በአቦከሩ ቤት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ጥቂት ይቆያል። በላስቲክ ዶሮዋ ፋንታ የአንዲት ትንሽ ስፌት ክዳን ይዘናል፤ ክዳኗን ያልያዘ ሰው አያጣምርም። የውጭውን አገልግሎት አልተውነውም፤ ኔትወርክ ባለ ጊዜ ያንኑ ኮድ እየላክን ምስክርነቱን እንሰማለን፥ ቁልፍ ግን አልሰጠነውም። ወደ ሰርቨሩ የምናደርሰው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ አንዳችን የተጻፈውን የማድረሻ ትእዛዝ ሲያስጀምር ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። ከሙከራዎቻችን አንዱ ጳጉሜን 6ን የሚመለከት ነው። ቀኑ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስለሚመጣ፥ እውነተኛው ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ እስኪደርስ ድረስ፥ አሮጌውን ላፕቶፕ በየማታው ዛሬ ጳጉሜን 6 ነው እያልን እናታልለዋለን።