የሰማ ጆሮና የፈረደ አንደበት

ሰው ስለ ሰማው ነገር ፍርድ መስጠት ይወዳል። ወጥ የቀመሰ ሁሉ «ጨው አንሶታል» ለማለት መብት እንዳለው፣ ዜማ የሰማም ሁሉ «ደስ ይላል» ወይም «አያምርም» ለማለት መብት አለው። ነገር ግን በመብትና በፍርድ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። መብት ሰው ሁሉ ሲወለድ ይዞት የሚመጣ ነው፤ ፍርድ ግን በትዕግሥትና በትምህርት የሚገኝ ነው። የከሳሹን ቃል ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ግፈኛ ይባላል። እንደዚሁም ከአንድ ሸክላ አንዱን ድርሰት ብቻ፣ እሱንም እስከ እኩሌታው ሰምቶ የሚፈርድ አዳማጭ ከግፍ አያመልጥም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ድርሰቶች ላይ ከዚህም ከዚያም የሚሰማው አስተያየት ነው። እኒህ መነኩሴ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል፤ ከዕረፍታቸው ወዲህም ሸክላዎቻቸው አንዱ በሌላው ላይ እየታተሙ ወጥተዋል። በውጭ አገር ያለው አዳማጭ እጅግ ያደንቃቸዋል። በእኛም አገር፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ ባለችው በአዲስ ዘመንም ሆነ በደብረ ታቦር፣ በስልኩ ከሚያዳምጣቸው ወጣት አንዱ «ይህ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው» ሲል፣ ሌላው «የፈረንጅ ሙዚቃ ነው» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል።

ለመፍረድ አስቀድሞ ባለ ጉዳዩን ማወቅ ይገባል። እማሆይ፣ በዓለም ስማቸው የውብዳር ገብሩ፣ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ነበሩ። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው የአውሮፓን ሙዚቃ ተማሩ። በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላም ኮንቶሮዊች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ በካይሮ ተማሩ። ለንደን ሄደው ለመማር የነበራቸው ተስፋ በተቋረጠ ጊዜ ዓለምን ትተው መነኰሱ፤ በግሸን ማርያምም ዐሥር ዓመት ያህል በጭቃ ጎጆ፣ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ኋላም፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ፣ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። እንግዲህ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሁለት ትምህርት ገብቷል። «የፈረንጅ ነው» የሚለውም፣ «የያሬድ ነው» የሚለውም እኩሌታውን ብቻ ይዘዋል።

የያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ ሦስት ስልቶች አሉት፤ በቃሉም ላይ እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ድፋት ያሉ ምልክቶች ይጻፉበታል። መሪጌታው ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ያንሸራትታል፣ ይደፋል። ፒያኖ ግን ቁልፉ የተወሰነ ነውና በሁለት ድምፅ መካከል ያለውን መንሸራተት ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ አንድ የቤተ ልሔም መምህር «ይህ ዜማ አይደለም» ቢል ምክንያት አለው፤ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን እማሆይ ያደረጉትን ልብ ብሎ የሚሰማ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ቀኝ እጃቸው ዋናውን ድምፅ ከመምታቱ በፊት በትናንሽ ድምፆች ይከበዋል፤ ጊዜውንም በልክ አይቆጥርም፤ እንደ ሰው ትንፋሽ ይረዝማል፣ ያጥራል። ፒያኖው ያልሰጣቸውን ከዝምታና ከመዘግየት አግኝተውታል። ይህ የመምህሩን ዜማ መተካት ሳይሆን ከሩቅ ሆኖ እጅ መንሣት ነው።

አሁን ወደ ሸክላዎቹ አደራደር እንምጣ። ብዙ ሰው ድርሰቱን ይመዝናል እንጂ አደራደሩን አይመዝንም። የእኛ ሊቃውንት ግን ይህን ከጥንት ያውቁታል። ድጓ ዝም ብሎ የተከመረ የዜማ ክምር አይደለም፤ ከዘመነ ዮሐንስ ተነሥቶ በአስተምሕሮ አልፎ እስከ ፋሲካ ዓመቱን ተከትሎ የሚሄድ ነው። የጾሙም ለብቻው ጾመ ድጓ አለው። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓን፣ በዙር አምባም ዝማሬና መዋሥዕትን የተማረ ሰው፣ ጊዜውን የሳተ ዜማ ምን ያህል ቢያምር ስሕተት መሆኑን ያውቃል።

በዚህ ሚዛን በ2006 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የወጣውን አልበም እንመልከት። ይህ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክ» የተባለው ተከታታይ እትም 21ኛው ክፍል ሲሆን 16 ድርሰቶች አሉበት። ቤት የሌለውን ተቅበዝባዥ በሚያስበው ድርሰት ይጀምራል፤ በእናት ፍቅርና በባሕር ዜማ ያልፋል፤ ከአገር ናፍቆትም ላይ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ አደራደሩ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ግን አሥረኛው ጎልጎታ፣ አሥራ አንደኛው ዮርዳኖስ፣ አሥራ ሁለተኛው የጌቴሴማኒ አትክልት ነው። ሕማማትን የሚያውቅ የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ የሐሙስ ማታው ጸሎት ሳይጸለይ የዓርብ ስቅለት አይቀድምምና። «አዘጋጁ የመረጠው ለጆሮ እንዲስማማ ነው፣ ታሪክ ለመተረክ አይደለም» ብሎ የሚከራከር ቢኖር ክርክሩ ተገቢ ነው። ቢሆንም ስም የሰጡት ራሳቸው መነኩሴዪቱ ናቸው፤ ስምም ያለ ትርጉም አይሰጥም። ደግሞም አልበሙ ከልዩ ልዩ ሸክላዎች የተሰበሰበ ስለሆነ ጥፋቱ የአዘጋጁ እንጂ የደራሲዋ አይደለም። ፍርድ ትክክል የሚሆነው ተከሳሹን ሲለይ ነው።

ሁለተኛው የአደራደር ነገር ጎረቤት ነው። የዚያ ተከታታይ እትም አብዛኛው የአዲስ አበባ የጭፈራ ባንዶች ሙዚቃ ነው። መነኩሴዪቱ በእነርሱ መካከል ስለ ተቀመጡ ብዙ አዳማጭ «የጃዝ ተጫዋች» አላቸው። የእንግሊዝም ራዲዮ፣ ቢቢሲ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ እሳቸው ያቀረበውን ዝግጅት «የሆንኪ ቶንክ መነኩሴ» ብሎ ሰየመው። ሆንኪ ቶንክ በአሜሪካ መጠጥ ቤት የሚመታ ፒያኖ ነው። ዝግጅቱ ብዙ ሰው አስተዋውቋቸዋል፤ ስሙ ግን አዳማጩን ከመስማቱ በፊት ያስቀዋል። አስቀድሞ የሳቀ ደግሞ ጎልጎታን በምን ልቡ ይሰማዋል?

ከኋለኞቹ እትሞች ሁለቱን አስበልጣለሁ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሱቬኒር» የተባለው እማሆይ ከ1977 እስከ 1985 ባለው ዘመን በቤታቸው በካሴት የቀረጹት ነው። በዚህ እሳቸው ራሳቸው በአማርኛ ያዜማሉ፤ ነገሩም አገርና ስደት ነው። አንዳንድ አዳማጭ የካሴቱ ድምፅ ጥራት የለውም ብሎ ያማርራል። እውነት ነው፤ ድምፁ ሻካራ ነው። ነገር ግን አንድ ዘመን፣ አንድ ቤት፣ አንድ ኀዘን ስለ ሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ደብዳቤ ይነበባል። ድምፁ የጠራ ሆኖ ልቡ ከተበታተነ አልበም፣ ድምፁ ሻክሮ ልቡ አንድ የሆነው ይሻላል።

በ1972 እ.ኤ.አ. በጥቂቱ ታትሞ በ2025 ዳግመኛ የወጣው «ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን» የተባለው ደግሞ በኢየሩሳሌም አብያተ ክርስቲያናት የተቀረጸ ነው፤ በኦርጋንም ጭምር ይመታል። «ኦርጋን የእኛ አይደለም፤ የእኛ ከበሮና ጸናጽል፣ መቋሚያም ነው» የሚል ወጣት ይኖራል። ስለ ቅዳሴና ስለ ማኅሌት ቢናገር ልክ ነው። እማሆይ ግን ኦርጋኑን በከበሮው ቦታ አላቆሙትም፤ ለብቻው አሰሙት እንጂ። ከሁሉም ሸክላዎች ለያሬድ ዜማ ቅርብ ሆኖ ያገኘሁት ይኸው በባዕድ መሣሪያ የተመታው ነው። ስለ መልኩ ብቻ ማንንም አትፍረድ የሚለው ምክር በሙዚቃም ይሠራል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ስለ ዜማ ስትፈርድ ይህን ያዝ። ጅማሬውን ብቻ ሰምተህ አትናገር፤ አልበሙን በተደረደረበት መንገድ አንድ ጊዜ እስከ ፍጻሜው ስማው። «ወደድኩት» ወይም «ጠላሁት» ከማለትህ በፊት የሰማኸውን ተናገር። ውጭ አገር ስለ ተደነቀ አታድንቅ፤ ውጭ አገር ስለ ተደነቀም አትናቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። እማሆይ ጎንደር ሳሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ ዜማ የሚማሩ ልጆችን ያዩ ነበር። እኒያ ልጆች የቆሎ ተማሪዎች ናቸው፤ በየደጁ ለምነው ይበላሉ፣ በየደጀ ሰላሙም ያድራሉ። የሚሰጣቸው ሌላ ነገር ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዱአቸው ቈረጡ፤ በ1960ዎቹ በጀርመን አገር የታተመው ሸክላቸው የመጣው ከዚህ አሳብ ነው። ያ ቤት የሌለው ተቅበዝባዥ ዛሬ በአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሳይቀር ይሰማል። የተቅበዝባዡ ወንድሞች ግን አሁንም በደቡብ ጎንደር ደጋ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ በእንተ ስማ ለማርያም ይላሉ።

ሸክላውን በጆሮው እያዳመጠ የተማሪውን ጥሪ ያልሰማ ሰው፣ ስለ አደራደሩ ምንም ያህል አዋቂ ቢሆን፣ ሙዚቃውን ሰምቷል ለማለት ያስቸግራል። ደራሲዋ ለእንጀራ ብለው የመቱትን እሱ ለጨዋታ ብቻ አድርጎታልና። በጣም የሠለጠነ አዳማጭ ማለት ድርሰቱ ካለቀ በኋላ እጁ ወደ ኪሱ፣ እግሩም ወደ መምህሩ ደጅ የሚሄድለት ነው። ጆሮ የልብ በር ነው፤ በሩን ከፍቶ እንግዳውን በደጅ የሚያቆም ባለ ቤት ግን እንግዳ ተቀባይ አይባልም።