ሳንቲም የለሽ የሳንቲም ማሽን፦ ጆተኒና የድሬዳዋ የመዝናኛ ቅርስ

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ አሮጌ ማሽን ለሚጠይቅ ሰው ሁሉም በጣቱ የሚያመለክተው ወደ ባቡር ጣቢያው ነው። ምክንያት አለው። ከጅቡቲ የተነሣው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ወጪው ስለከበደ ቆላው ላይ ተተከለ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ሜዳም ከተማ ሆነ። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የድሬን ቅርስ የሚያጠኑ ሰዎች ዓይናቸው በፉርጎና በባቡር ጥገና ክፍሉ ላይ ማረፉ አይገርምም። የሚገርመው ከዚያ ፈቀቅ አለማለታቸው ነው። የከተማዋን የማሽን ታሪክ በሎኮሞቲቭ ብቻ መጻፍ ሕዝቡ ሲሠራ እንጂ ሲጫወት አልኖረም እንደማለት ይቆጠራል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን የተዘለለ ወገን ነው፤ በተለይም በቀፊራም በከዚራም ሰፈር ጥላ ባለበት ሁሉ የማይጠፋውን የጠረጴዛ እግር ኳስ፣ ጆተኒን።

በአውሮፓና በአሜሪካ በሳንቲም የሚሠሩ አሮጌ የመዝናኛ ማሽኖችን መሰብሰብ ራሱን የቻለ ዘርፍ ከሆነ ቆይቷል። መነሻው ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1889 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፓሌ ሮያል በተባለ መጠጥ ቤት ሳንቲም ሲገባበት ሙዚቃ የሚያሰማ ፎኖግራፍ ተተከለ። ብዙም ሳይቆይ ጡንቻ የሚለካ፣ ዕድል የሚነግር፣ በመነጽር ቀዳዳ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያሳይ ሣጥን ሁሉ በየአዳራሹ ተደረደረ። የዛሬ ሰብሳቢዎች እነዚህን ሲለዩ የአምራቹን ሰሌዳ ያነባሉ፣ የፓተንት ቁጥር ይፈልጋሉ፣ የሳንቲም ማስገቢያውን ስፋት ይለካሉ። ዋጋ የሚቆርጠው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከፋብሪካ እንደወጣ አለ ወይስ ተነካክቷል? እኔ የምከራከረው ይህ መለኪያ ወደ ድሬዳዋ ሲመጣ ዓይን ያሳውራል ብዬ ነው።

በመጀመሪያ የሳንቲሙ ነገር። እዚያ ፎኖግራፉ ሲዘፍን እዚህ ገበያውን የያዘው ማርያ ትሬዛ ነበር፤ ሃያ ስምንት ግራም የሚመዝን፣ ከአራት ሳንቲ ሜትር ብዙም የማያንስ ሰፊ ብር። በግና ፍየል የሚገዛበት ገንዘብ ለአንድ ደቂቃ ጨዋታ ሣጥን ውስጥ አይጣልም። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ገንዘብ ሲያሠሩ ዝርዝሩንም አስበውበት ነበር፤ በሐረር የተመታችው መሐለቅ የዚያ ጥረት አካል ናት። ያም ሆኖ ዝርዝር ገንዘብ በስፋት ከሰው እጅ የገባው ከነፃነት በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ሲውል ነው። የ1፣ የ5፣ የ10፣ የ25 እና የ50 ሳንቲሞች ኪስ ውስጥ መንቀጫቀጭ ካልጀመሩ በሳንቲም የሚሠራ ማሽን የሚበላው አያገኝም።

እነዚህ ሳንቲሞች ለሰብሳቢ ወጥመድ አላቸው። በንጉሡ ዘመን ሳንቲሞች ላይ የተጻፈው ዓመት 1936 ነው፤ ያው ዓመት ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ ተመትቷል። በደርግ ዘመንም የአንበሳ ራስ ያለባቸው ሳንቲሞች 1969 ይላሉ፤ የታተሙት ግን በዚያ ዓመት ብቻ አይደለም። እንግዲህ አንድ ሰው አሮጌ ጆተኒ ገልብጦ ከሆዱ ውስጥ የ1936 ሳንቲም ቢያገኝ «ጠረጴዛው ከዚያ ዘመን ነው» ሊል አይችልም። በለንደን ወይም በኒው ዮርክ በሣጥን ውስጥ የተገኘ ሳንቲም ጥሩ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ምስክርነቱ ደካማ ነው።

ከዓመቱ ይልቅ ቅርጹ ይናገራል። የመጀመሪያው 25 ሳንቲም ክብና የመዳብ ነበር፤ ከብር የተሠራው 50 ሳንቲም በመጠን ይቀራረበው ስለነበር አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ ሃምሳ ነው ብለው ያሳልፉት ጀመር። መንግሥት ሰበሰበውና ዳር ዳሩን አበባ አስመስሎ አወጣው። ሰው ሁለቱን በጣቱ ዳብሶ ይለያቸዋል። ማሽን ግን የሚያውቀው ስፋት፣ ውፍረትና ክብደት ነው። ለዚህ ነው የማስገቢያ ቀዳዳን በካሊፐር መለካት ሳንቲሙ ላይ ያለውን ዓመት ከማንበብ የሚበልጠው፤ ቀዳዳው የየትኛውን ሳንቲም ልክ ይዞ እንደተቆረጠ፣ ቆይቶም ለሌላ ሳንቲም ተሞርዶ እንደሆነ ብረቱ ራሱ ያሳያል።

ወደ ጆተኒው እንምጣ። የጠረጴዛ እግር ኳስ ፈጣሪው ማን ነው የሚለው ክርክር አያልቅም። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ቶርንተን እ.ኤ.አ. በ1921 የፓተንት ማመልከቻ አስገብቷል፤ ስፔናዊው አሌሃንድሮ ፊኒስተሬ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ እኔ ሠራሁት ይል ነበር፤ ጣልያን ውስጥ ደግሞ አሌሳንድሪያ ከተማ ማምረት ጀመረች። እኛ ዘንድ ስሙ የጣልያን ጠረን አለው፤ ማሽን ውስጥ የሚገባውን ምልክት ሳንቲም እነሱ ጄቶኔ ይሉታል። ከዚህ በላይ ከስሙ ታሪክ ለመጭመቅ አልሞክርም፤ ጠረጴዛው ከስሙ የተሻለ ማስረጃ ነው።

ድሬዳዋ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ምርመራ የተመቸች ከተማ ናት። ፈረንሳዩ በባቡሩ፣ ጣልያኑ በወረራውና ከዚያም በኋላ በጋራዡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመኑ በንግዱ ያለፉባት ስለሆነች የአንድን ጠረጴዛ ዘር መጠየቅ ዋዛ አይደለም። በፈረንሳዩ ወግ የተሠራ ጠረጴዛ በተለምዶ ዘንጎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሰበሰቡ፣ ተጫዋቾቹ ከአሉሚኒየም የፈሰሱ፣ ሜዳው ሊኖሊየም የለበሰ፣ ኳሱም የቡሽ ነው። በጣልያኑ ወግ ሜዳው መስታወት፣ ኳሱ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናል፤ ተጫዋቾቹም ፕላስቲክ ናቸው። የስፔኑ ተጫዋች ሁለት እግሩ ተለያይቶ ይቆማል። የመንገድ ጆተኒ ግን እነዚህን ወጎች አቀላቅሎ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ሳጥኑ ከአንዱ፣ ዘንጉ ከሌላው፣ በረኛው እዚሁ ከብረታ ብረት ቤት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የፋብሪካ መለኪያው የሚሰነካከለው። ጠረጴዛ ውጭ በሚያድርበት፣ ሙቀቱ እንጨት በሚሰነጥቅበት፣ አቧራው ቡሽ በሚበላበት አገር ያልተነካካ ጆተኒ ማለት ያልተጫወቱበት ጆተኒ ነው። አንገቱ የተሰበረ አጥቂ ይበየዳል፤ የማይበየድ ከሆነ ሌላ ይፈስለታል፤ ድስትና ጀበና ማስቀመጫ የሚያወጣ የአሉሚኒየም አፍሳሽ ትንሽ ሰው ማውጣት አይቸግረውም። የተጣመመ ዘንግ በውኃ ቧንቧ ይተካል። በዚህ ላይ ድሬ የባቡር ጥገና ክፍሉ ትውልድ በትውልድ ቶርኔሪና ብየዳ ያስተማረባት ከተማ መሆኗን ማስታወስ ይበቃል። የሎኮሞቲቭ ቅርስና የጆተኒ ቅርስ አንድ ላይ መነበብ አለባቸው የምለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሁለቱንም በሕይወት ያቆየው የአንድ ዓይነት እጅ ነው።

አሁን ጎንበስ ብለን የጎኑን ሳንቃ እንይ። በሳንቲም ይሠራ የነበረ ጠረጴዛ ሦስት ነገር ይኖረዋል፦ የሳንቲም ማስገቢያ፣ ከሥሩ የሚጎተት ወይም የሚገፋ መያዣ፣ ኳሶቹ የሚወጡበት አፍ። ጎል የገባ ኳስ በውስጥ ባለ ቦይ ተንሸራቶ መዝጊያው ጋ ይጠራቀማል፤ ትክክለኛው ሳንቲም ሲገባ መያዣው ይለቃል፣ መዝጊያው ይነሣል፣ ኳሶቹ እየተንኳኩ ይወርዳሉ። ማስገቢያው በቆርቆሮ ተደፍኖ ሚስማር ተመቶበት፣ መዝጊያው ተነቅሎ፣ ቦዩ ብቻ ቀርቶ ከተገኘ ጠረጴዛው አንድ ትልቅ ለውጥ አልፏል ማለት ነው፤ ሳንቲም አቁሟል። የገንዘባችን ዋጋ ሲወርድ ሃያ አምስትም ሃምሳም ሳንቲም የሚገዙት አጡ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመታው ባለ ሁለት ቀለም የአንድ ብር ሳንቲምም ቢሆን የመግዛት አቅሙ ደክሟል። ማሽኑ ግን አብሮ አልተቀበረም። የማስገቢያውን ሥራ አጫዋቹ ወረሰው። ብር የሚቀበለው፣ ኳስ የሚሰጠው፣ ተራ የሚጠብቀው፣ የተሸነፈውን «ክፈልና ውጣ» የሚለው እሱ ነው። ዛሬ በቴሌብር የሚከፍልም አይጠፋም። በሌላው ዓለም ማሽኑ የተፈጠረው ተቀጣሪን ለመቆጠብ ነበር፤ እኛ ዘንድ ለአንድ ወጣት እንጀራ ሆነ። ይህን የማያሳይ የቅርስ መግለጫ፣ የአምራቹን ስምና ዓመት በትክክል ቢጽፍ እንኳ፣ ስለ ድሬዳዋ ምንም አልነገረንም።

ስለዚህ ቀለሙን ፍቆ፣ የተበየደውን ጥሎ፣ ከውጭ አዲስ ተጫዋች አስመጥቶ «ወደ ቀድሞው መልሼዋለሁ» የሚል ሰብሳቢ ቅርስ አጠፋ እንጂ አላዳነም። በጠረጴዛው ላይ የተደራረበው ቀለም፣ የተለወጠው የክለብ መለያ፣ የአርሰናልና የማንቸስተር ቀይ የበፊቱን ቀለም የሸፈነበት ሥፍራ ሁሉ ንባብ ይፈልጋል። በአንጻሩ ሁሉንም ሙዚየም እናስገባ የሚለውም አያሳምነኝም። ጆተኒ ከጥላው፣ ከአጫዋቹና ከተመልካቹ ተለይቶ ገመድ ሲታጠርበት የሚቀረው ጣውላና ቧንቧ ነው። አንዱን አስቀምጦ የቀሩትን ባሉበት መመዝገብ ይሻላል።

ሕጉ ለዚህ በር አልዘጋም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው ከሰው የፈጠራና የጉልበት ውጤትነቱ፣ ከታሪካዊና ባህላዊ ዋጋውም ተነሥቶ ነው፤ ቤተ መንግሥትና ቤተ እምነት መሆንን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። የጎደለው መዝጋቢ ነው። በዓለም ላይ የሰብሳቢዎች ገበያ ሲሰፋ እንዲህ ያለ ዕቃ አንድ ቀን በኮንቴይነር ተጭኖ በዚያው በጅቡቲ መስመር ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ያልተመዘገበን ነገር የእኛ ነበር ብሎ መጠየቅ ከባድ ነው።

የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የምህንድስና መምህራን ተማሪዎቻቸውን ካሊፐርና ካሜራ አስይዘው ወደየሰፈሩ ጆተኒ ይላኩ፤ የከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮም የባቡር ጣቢያውን ሲመዘግብ ለእነዚህ አንድ ገጽ ይክፈትላቸው። ጆተኒ ያላችሁ ባለቤቶችም ቀለም ከማስቀባታችሁ በፊት የጎኑን ሳንቃ፣ የተደፈነውን ማስገቢያና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ማን እንደጠገነውና መቼ እንደሆነም ከፎቶው ጋር ጽፋችሁ አስቀምጡ።