ከስሙ በፊት ዘሩ፦ የመካነ ሰላምና የመቅደላ ደጋ ገብስ እንደ ቤተሰብ ቅርስ

የአካባቢ ምግብን በሕግ ስለመጠበቅ ሲነሳ ስፔን ቀድማ ትጠቀሳለች። የሪዮሃ ወይን ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትውልድ ስፍራው ስም የታወቀ ነው፤ የማንቼጎ አይብም በላ ማንቻ ከሚረባው የማንቼጋ በግ ወተት ካልተሠራ በስሙ ሊሸጥ አይችልም። መካነ ሰላምና መቅደላ ለሚገኙበት ለደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የገብስ ምግቦችም እንዲህ ያለ ጥበቃ መመኘት ተገቢ ነው። ሆኖም የማንቼጎን ቅርፊት ልብ ብሎ ላየው ሌላ ነገር ይነግረዋል። በጎኑ ያለው የጉንጉን ጥለት ድሮ አይቡ ተጠቅልሎ የሚጨመቅበት የሣር ጉንጉን አሻራ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥለቱ በፋብሪካ ቅርጽ ማውጫው ላይ የተቀረጸ ነው። ስሙም አሻራውም ተጠብቀዋል፤ ሣሩን የሚጎነጉነው እጅ ግን ከሥራው ወጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚሁ ይነሳል፦ ሕግ ስምን ይጠብቃል፤ ምግቡን በሕይወት የሚያቆዩት ዘሩና የቤተሰቡ ሙያ ናቸው።

ጤፍ በማይቀናው ብርዳም ደጋ ቤቱን ያቆመው ገብስ ነው፤ እንጀራው፣ ቆሎው፣ ቅንጬው፣ ጠላው ሁሉ ከእሱ ነው። በሶን ብቻ እንውሰድ። ገብሱ ተለቅሞ ውሃ ነካ ይደረግና ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ በሙቀጫ ይሸከሸካል፣ በሰፌድ ይበጠራል፣ እንደገና ይቆላል። የበሶው ጣዕም የሚወሰነው ወፍጮ ቤት ከመድረሱ በፊት ነው። እሳቱ ከበዛ ይመርራል፤ ካነሰ ጥሬ ጥሬ ይላል። ልኩን የሚነግር መለኪያ የለም፤ ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ በመዓዛውና በመንጣጣቱ ትለየዋለች። በውሃና በጨው የተበጠበጠው በሶ የጾምና የመንገድ ስንቅ ነው፤ በቅመም ቅቤ ሲታሽ ደግሞ ጭኮ ሆኖ ለክብር እንግዳ ይቀርባል። ክርስቲያኑ ቤት አሻሮው ከጌሾና ከብቅል ጋር ጠላ ይሆናል፣ ሙስሊሙ ቤት የተቆላው ገብስ ቀሪቦ ይሆናል። የወሎ ጉርብትና በአንድ እህል ሁለት ዓይነት ሙያ አቆይቷል።

ይህ የድህነት ምግብ ነው፣ ማወደሱም ችግርን ማስዋብ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ወሎ በ1965ና በ1977 ዓ.ም. ካየችው ረሃብ በኋላ ይህን ክርክር በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ግን ገብስ የችግሩ ምክንያት አልነበረም፤ ቶሎ ደርሶ የክረምቱን ክፍተት የሚሸፍነው እሱ ነው። ደጋውን የጎዱት የበልግ መክሸፍ፣ የመሬት መሳሳትና የአስተዳደር ጉድለት ናቸው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል፦ መጀመሪያ ስሙ ይመዝገብ፣ ገበያው ሙያውን ይመልሰዋል የሚል ነው። ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ ቡናዎች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲታወቁ የተደረገው ጥረት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በጤፍ ላይ ባለቤትነት የጠየቀው የኔዘርላንድ ፓተንት በ2018 እ.ኤ.አ. በሄግ ፍርድ ቤት መሻሩም ሕግ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ነገር ግን ቡናው የሚሸጠው ጥሬውን ነው፤ ቆይው ሌላ አገር ነው። በሶ ግን ዋጋው በቆይዋ እጅ ላይ ነው። ስሙ ቀድሞ ሙያው ከተረሳ በፌስታል የታሸገ ዱቄት ላይ የመካነ ሰላም ስም ብቻ ይቀራል።

ዘሩም እንደዚያው ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ በገብሳችን ብዝኃነት ተደንቋል፤ የካሊፎርኒያን ገብስ ከሚያቀጭጨው የቢጫ ቫይረስ በሽታ የታደገው ዘረ መልም ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው። የዕፅዋት ዘረ መል ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ በመሥራታቸው ነው። ዘር ባንክ ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን የገብስ ዝርያ በብልቃጥ ያስቀምጣል፤ የትኛው ገብስ ለቆሎ፣ የትኛው ለጠላ እንደሚሆን ግን የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት። ስለዚህ በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከማንኛውም የስም ምዝገባ አስቀድሞ እነዚህን እናቶች በስማቸው ባለሙያ ብሎ ይመዝግብ፤ ዘራቸውንም በየማሳቸው እንዲያቆዩ ይደግፋቸው።