የምጽዋ የወደብ ዳር መንገድ

ስለ ምጽዋ የጻፉ ብዙዎች በወደቡ ዳር የተሰለፉትን ቤቶች «የቱርክ ቤቶች» ይሏቸዋል። ስያሜው ገዢውን እንጂ ሠሪውን አያስረዳም። ቱርኮች ደሴቲቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1557 ዓ.ም. መያዛቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን ከባሕር የተቈረጠው የኮራል ድንጋይ፥ በዚያም ሐሩር ነፋስ እያስገባ የቤቱን ሰው ከመንገደኛ ዓይን የሚሰውረው ሮሻን የተባለው የእንጨት ሰገነት፥ በሱዋኪንና በጅዳም ይገኛል፤ ስለዚህ ጥበቡ የቀይ ባሕር ወደቦች የጋራ ሀብት ነው ማለት ይሻላል።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ዕድሜውን ማስረዘም ነው። በ1921 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን ክፉኛ ስላፈረሳት፥ ጥንታዊ ከሚመስለው ቅስት ብዙው በጣልያኖች ዘመን ተመልሶ የተሠራ ነው፤ የኢጣልያ ባንክ ሕንፃ እንኳ የምሥራቁን መልክ ተውሶ ቆመ። እንግዲህ በ1990 በጦርነቱ ድብደባ የፈረሰው ይጠገን የሚል ሁሉ፥ የትኛውን ዘመን እንደሚመልስ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።