ገድል ለታሪክ ምስክር ሲሆን

ለዶክተርነት ማዕርግ የሚቀርብ ጽሑፍ ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛው ለዕውቀት አዲስ ነገር መጨመር፥ ሁለተኛው ይህንኑ በመርማሪዎች ፊት በማስረጃ ማጽናት ነው። ታደሰ ታምራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት በ1972 በኦክስፎርድ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ከ1270 እስከ 1527 ያለውን ዘመን ይመረምራል። በዚህ ሚዛን እንመዝነዋለን።

አንደኛውን ግዴታ በሚገባ ፈጽሟል። ገድል የተጻፈው ለምእመናን ማጽኛ ስለ ሆነ ተአምሩ ታሪክ ጸሐፊን ያስቸግራል። ደራሲው ግን ከተአምሩ መካከል የገዳማትን መስፋፋት፥ የዓምደ ጽዮንንና የመነኮሳቱን ጠብ፥ በ1450 በደብረ ምጥማቅ የተፈጸመውን የሰንበት ክርክር እያበጠሩ አውጥተዋል።

በሁለተኛው ግን ጥያቄ አለን። ገድል ብዙ ጊዜ ጻድቁ ካረፈ በኋላ ዘግይቶ የሚጻፍ ነው፤ የ13ኛው መቶ ዓመት ጻድቅ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገድል እንኳ የተጻፈው በ15ኛው መጨረሻ ነው። እንዲህ ያለውን ምስክር ከሚመረምሩት አንዱ መጽሐፉን ሲገለብጥና ሲጠብቅ የኖረው የገዳም ሊቅ መሆን ይገባው ነበር። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ ግን ሊቁ ሊፈርድበት አይችልም።

ጉድለቱ የደራሲው አይደለም፤ የደንቡ ነው። ስለዚህ ከግዕዝ መጻሕፍት የሚቀዳ ማናቸውም የማዕርግ ጽሑፍ በአማርኛ ተጠቃሎ ለመጻሕፍቱ ባለቤቶች እንዲቀርብ፥ መልሳቸውም ከጽሑፉ ጋር እንዲቀመጥ እናሳስባለን።